ውሃው የት ገባ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ወሩ ጥር ነው፤ የጎጃም ደጋ ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። ከአንዲት ትንሽ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ዳር ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ቆሜያለሁ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በአንድ እጃቸው የእጅ ባትሪ፣ በሌላው አካፋ ይዘዋል። የላይኛው ጎረቤታቸው ተራውን ጨርሶ ሲሄድ ቦዩን የደፈነውን ጭቃና ሣር በሦስት አካፋ ገለጥ አደረጉት። ውሃው ያመነታ ይመስል ቆም አለ፤ ከዚያ ጓሉን እያራሰ፣ ገለባውን ከፊቱ እየገፋ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ገባ። ደረቅ አፈር ውሃ ሲያገኝ ድምፅ አለው። ጠጋ ብሎ ላዳመጠ ፍስስ የሚል፣ ትንንሽ አረፋ እየፈነዳ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ውሃው ሲገባ ከአፈሩ ውስጥ የሚወጣው አየር ነው።

ስድስት ትልም ባንዴ ከፈቱ።

«አባባ፣ መቼ ነው የሚበቃው?» አልኳቸው።

«ተራዬ ሲያልቅ ነዋ!» አሉኝ። «ልጄ፣ ውሃው ዳግመኛ የሚደርሰኝ በስምንተኛው ቀን ነው። ዛሬ ያልጠጣ መቼ ሊጠጣ?»

ሲነጋ ማሳውን ዞርኩት። ራስጌው ላይ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ። መሐሉ ደህና ረስርሷል። ግርጌው ላይ ግን ሁለት ዓይነት ነገር ነበር፤ የአንዳንዱ ትልም ጫፍ ጠብታ ሳይደርሰው እንደ ደረቀ አድሯል፣ ሌላው ሞልቶ ፈስሶ የእግር መንገዱን አቋርጦ ወደ ቦረቦሩ ወርዷል። የቦረቦሩ ዳር በጥር ወር እንደ መስከረም ለምልሟል። ሁለት ጥጆች እዚያ ይግጣሉ።

ይህን ምዕራፍ ስጽፍ ዓይኔ ላይ ያለው ያ ሣር ነው። ያጠጣው ውሃ ከወንዝ የተጠለፈው ለሽንኩርት ነበር። ታዲያ ባከነ? በስብሰባና በሪፖርት ብትሰሙ መልሱ ቀላል ነው፦ አዎ፣ ባከነ። እኔ ግን ዓመታት ቦይ ለቦይ ስዞር ያመንኩት ሌላ ነገር ነው። «ባከነ» የሚለው ቃል እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ነገሮችን ባንድ ከረጢት ያጭቃል። ግማሾቹ ጭራሽ ኪሳራ አይደሉም። እውነተኛዎቹ ኪሳራዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዓይን የማይታዩቱ ናቸው። ስለዚህ ውሃው ጎደለ ከማለታችን በፊት የት እንደገባ እንከተለው።

ተክሉ የሚጠጣው

ከመጨረሻው፣ ከተክሉ እንነሣ። የስንዴም ሆነ የሽንኩርት ተክል በሥሩ ከሚስበው ውሃ በአካሉ የሚያስቀረው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። የቀረው በግንዱ ሽቅብ ወጥቶ፣ በዓይን በማይታዩ የቅጠል ቀዳዳዎች ተንኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ትልቁ አባካኝ ራሱ ተክሉ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ተክል ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር የሚገባለት በዚያው ቀዳዳ ነው። በሩ አየር ለማስገባት ሲከፈት ውሃ ይወጣል፤ ውሃ እንዳይወጣ ሲዘጋ ተክሉ ይራባል። ውሃ ያጠረው በቆሎ ቀትር ላይ ቅጠሉን ጠቅልሎ ሲቆም አይታችሁ ከሆነ፣ ያ በሩን የዘጋ ተክል ነው፤ በዚያ ሰዓት ውሃውን ይቆጥባል፣ ግን አያድግም። እህል የሚገዛው በሚተን ውሃ ነው፤ ሌላ ዋጋ የለውም።

ዋጋው ስንት ነው? የመስኖ ሰዎች እንደ ዝናብ ሁሉ በሚሊ ሜትር ይለኩታል። በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 10,000 ሊትር ነው። በየካቲት ፀሐይና ነፋስ ቅጠሉ የሞላ ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጣል። የአዛውንቱ ማሳ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ነው፤ ስለዚህ በቀን 12,500 ሊትር ይፈልጋል። በሃያ ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ቢቆጠር 625 ጀሪካን። ይህ የአንድ ቀን ብቻ ነው። አንዲት ልጅ አንዱን ጀሪካን ተሸክማ ከወንዝ ዳገት ስትወጣ ያየ ሰው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያሻውም።

የሰው ልጅ በዓለም ዙሪያ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር ከሚቀዳው ንጹሕ ውሃ ከመቶ ሰባው ያህል ወደ እርሻ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በመስኖ የሚለማው ከሚታረሰው መሬት አንድ አምስተኛው ገደማ ሲሆን ከዓለም ምግብ ከመቶ 40 ያህሉን ያበላል። እንግዲህ በአንድ ጥማድ ላይ የሚሆነው ነገር በሺህ ሺህ ሲባዛ የአገር ጉዳይ ነው።

ከጠለፋው እስከ ሥሩ

አሁን ወደ ላይ፣ ወደ ጠለፋው እንመለስና 100 ሊትር ውሃ ይዘን እንውረድ።

ረጅም የአፈር ቦይ ከሆነ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፣ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የመስኖ መመሪያ ግምት ይሰጠናል፤ አሸዋማ አፈር ላይ ከመቶው 60 ይደርሳል፣ መካከለኛ አፈር ላይ 70፣ ሸክላማ አፈር ላይ 80፣ በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ የተለበጠ ከሆነ 95። ይህ ደግሞ በደንብ የተጠረገና የተጠገነ ቦይ ሲሆን ነው። ደለል የሞላው፣ ሣር የበቀለበት፣ ከብት እየረገጠ ዳሩን የናደው ቦይ ሌላ ነው። ዋልካ አፈር በደረቀ ጊዜ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፤ ቦዩ ለሳምንት ተዘግቶ ሲከፈት የመጀመሪያው ውሃ ስንጥቁን ሲያጠጣ ይውላል። የአይጥ ጉድጓድ አለ። የማይገጥም የውሃ በር አለ፤ ከሥሩ ሌት ተቀን ይንጠባጠባል፣ እንደ ክር ቀጭን ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ከቦይ ወጥቶ ማሳ ሲገባ ሁለተኛው ቅናሽ ይጀምራል። በትልም ወይም በመደብ በማጠጣት ማሳው ላይ ከወጣው ውሃ ከመቶ 60 ያህሉ ሥሩ ካለበት አፈር ውስጥ ቢቀር ጥሩ ነው ይባላል። እንግዲህ አባዙት። 100 ሊትር ጠለፍን፣ 70 ማሳ ደረሰ፣ ከዚያ 42ቱ ሥር አገኘ። ሃምሳ ስምንቱ መንገድ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ገበሬው ስለሰነፈ አይደለም። በትልም የሚፈስ ውሃ ጠባይ አለው፤ ራስጌው ላይ ቀድሞ ይደርሳል፣ ግርጌው ላይ ዘግይቶ ይደርሳል፣ በሁለቱም ግን ባንድ ሰዓት ይዘጋል። ስለዚህ ራስጌው ሁለት ሰዓት ሲጠጣ ግርጌው ምናልባት ሃያ ደቂቃ ይጠጣል። ግርጌውን ላጥግብ ያለ ሰው ራስጌውን ከልክ በላይ ማጠጣቱ የግድ ነው፤ ትርፉ ከሥር በታች ይሰርጋል፣ ማዳበሪያውንም ይዞት ይወርዳል። ራስጌው ላይ የሽንኩርቱ ቅጠል ቢጫ ሲል ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል፤ አንዳንዴ ግን በውሃ የታጠበ ዩሪያ ነው። ትልሙ ረዝሞ አፈሩ የላላ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል።

አዛውንቱ ስድስት ትልም ባንዴ ሲከፍቱ ያደረጉት ነገር እዚህ ላይ ይገባናል። ውሃው ለስድስት ሲከፈል በእያንዳንዱ ትልም ላይ ቀጠነ፣ ሲቀጥን ቀስ አለ፣ ቀስ ሲል ራስጌው ላይ ሰምጦ ቀረ። ሁለት ሁለት ትልም ከፍተው ቢሆን ውሃው በጉልበት ሮጦ ግርጌ ይደርስ ነበር፤ ግርጌ እንደደረሰም ቢያቀጥኑት አብዛኛው እዚያው ማሳው ውስጥ በቀረ። ትልሙን በመሐል ቆርጦ ሌላ መጋቢ ቦይ ማውጣት፣ ጉብታውን በዶማ ማስተካከል፣ እነዚህ ብር አያስወጡም፤ ጉልበትና ብርሃን ይፈልጋሉ። ብርሃን ያልኩት የምሬን ነው። በሌሊት በአንዲት ባትሪ ትልሙ የት እንደሞላ፣ የት እንደተናደ ማን ያያል? በሌሊት የሚደርስ ተራ ከማንኛውም ስንጥቅ በላይ ውሃ ያፈስሳል ብዬ ብናገር ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ለዚህ ችግር መልስ የሰጠ ሥራ አገራችን ውስጥ አለ። ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመርዓዊ አጠገብ የተሠራው የቆጋ መስኖ፣ ከግድቡ ሌላ የሌሊት ውሃ የሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች አሉት። ዋናው ቦይ ሌት ተቀን ይፈስሳል፤ የሌሊቱ ውሃ ኩሬ ውስጥ ያድራል፤ ገበሬው ጠዋት በብርሃን ያጠጣል። ይህን ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ደስታዬ ትልቅ ነበር፤ የገበሬን እንቅልፍ ከውሃ ቁጠባ ጋር ያስታረቀ ንድፍ ነው።

ስለ ቆጋ ካነሣን አንድ የወረቀት ስሌት እንሥራ። ግድቡ ሲሞላ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ እንዲያለማ የታሰበው መሬት 7,000 ሄክታር ገደማ ነው። ሲካፈል ለአንድ ሄክታር 11,900 ሜትር ኩብ አካባቢ ይደርሳል፤ ማሳው ላይ ቢዘረጋ አንድ ሜትር ከሃያ የሚጠጋ ጥልቀት ነው። በቀን 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጣ ስንዴ በ120 ቀን የሚፈልገው ግን 480 ሚሊ ሜትር፣ ግማሽ ሜትር አይሞላም። ሌላው የት ይገባል? ሁለተኛ ዙር የሚዘራ አለ። ከግድቡ ወለል የማይወጣ ውሃ አለ። ፀሐይ የምትወስደው አለ፤ በጣና ዙሪያ ከክፍት ውሃ ላይ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይተናል። የቀረው በቦይና በማሳ ያየነው ነው።

የታችኛው ሰው ውሃ

እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ ማንኛውም የመስኖ መሐንዲስ የሚነግራችሁን ነው። አሁን ወደ ጥጆቹ ሣር እንመለስ።

ከቦይ የሰረገ ውሃ ከምድር አልጠፋም። ወርዶ ከርሰ ምድሩን ይቀላቀላል፣ ታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል፣ የጉድጓድ ውሃ ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ከቆጋ ማሳዎች የተረፈው ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያ ወደ ጣና ይወርዳል። ስለዚህ «ባከነ» ስንል «ከማን ላይ?» ብለን መጠየቅ አለብን። ለማሳው ባለቤት ጠፍቷል፤ ለሸለቆው ግን አልጠፋም። ለሸለቆው የጠፋው ወደ ሰማይ የተነነው ብቻ ነው፤ ከእሱም ውስጥ በሰብሉ ቅጠል ያለፈው ምርት ሰጥቶ ሄዷል፣ ከእርጥብ ባዶ አፈርና ከአረም ላይ የተነነው ግን ለማንም ሳይጠቅም ሄዷል። ሁለቱን መለየት የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ ካሊፎርኒያና ሜክሲኮ ድንበር እንሂድ። ኦል አሜሪካን የሚባለው ቦይ ከኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ወስዶ ወደ ኢምፔሪያል ሸለቆ እርሻዎች ያደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሸዋ ክምር መሐል፣ ያለ ልባጥ፣ በድንበሩ አፋፍ ይፈስስ ነበር። አሸዋው ሲያፈስስ ውሃው በከርሰ ምድር ድንበሩን አቋርጦ በሜክሲካሊ ሸለቆ ጉድጓዶች ብቅ ይላል፤ የሜክሲኮ ገበሬዎችም በዚያ ውሃ ሲያርሱ ኖሩ። በኋላ አሜሪካኖቹ 37 ኪሎ ሜትር ያህሉን በኮንክሪት ሊለብጡት ተነሡ። በሜክሲካሊ በኩል ያሉት ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት ሥራው እንዲቀጥል ሕግ አወጣ፤ ግንባታው ተጠናቀቀ። በዓመት የተቆጠበው ውሃ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ በአጋጣሚ ልክ አንድ ሙሉ ቆጋ። አብዛኛው ለሳን ዲዬጎ አካባቢ ሄደ። ለአሜሪካኖቹ ትርፍ የሆነው፣ ለሜክሲካሊው ሽንኩርት አብቃይ የጉድጓዱ መድረቅ ነበር። አዲስ ውሃ አልተፈጠረም፤ ባለቤት ቀየረ።

በዚያው በአሜሪካ፣ በአይዳሆ የስኔክ ወንዝ ሜዳ ላይ፣ ገበሬዎቹ ቦይን ትተው ወደ ርጭት ሲዞሩና ፓምፕ ሲበዛ፣ በድሮው መስኖ ስርገት ውሃቸው ከፍ ብሎ የነበሩት ዝነኛ ምንጮች መቀነስ ጀመሩ። በካንሳስ ደግሞ ውሃ ይቆጥባል ተብሎ በመንግሥት ድጎማ የገባው የተሻሻለ ርጭት ከከርሰ ምድር የሚሳበውን ውሃ ከፍ እንዳደረገው ተጠንቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገበሬው በቆጠበው ውሃ ተጨማሪ መሬት አለማበት ወይም የበለጠ የሚጠጣ ሰብል ዘራበት። ማንም ሰው እጁ የገባውን ውሃ መልሶ ለወንዙ አይሰጥም። እኔም ብሆን አልሰጥ።

በዚህ ዓይን ሲታይ የጠብታ መስኖም ሌላ መልክ ይይዛል። እስራኤላዊው መሐንዲስ ሲምሐ ብላስ የሐሳቡ አባት ነው፤ ኔታፊም የተባለው የጠብታ መስኖ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 በነጌቭ በረሃ በሐጸሪም ኪቡጽ ተቋቋመ። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በየመንገዱ ዳር የሚያዩት ያ ጥቁር ቀጭን ቱቦ ከእርጥብ ባዶ አፈር የሚተነውን ይቀንሳል፣ ለአረም አይሰጥም፣ ማዳበሪያውንም ሥር ድረስ ያደርሳል። ከመቶ 90 ያህሉ ለሥሩ ይደርሳል ይባላል፤ እውነት ነው። ውሃው ተመልሶ ወደማይጠቅምበት ቦታ የሚሄድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጨው ውስጥ ወይም ባሕር ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ጠብታ ትልቅ በረከት ነው። የላይኛው ትርፍ የታችኛው ቀለብ በሆነበት ሸለቆ ግን፣ የተቆጠበው ለማን እንደሚሄድ አስቀድሞ ካልተስማሙበት፣ የድሃውን ጉድጓድ ወደ ሀብታሙ ማሳ ማዞሪያ ይሆናል።

ጨው

ሰርጎ የወረደ ውሃ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። ይህን ለማየት ወደ አዋሽ እንውረድ።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ባሕር ግን አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይተናል። ዓባይ ጨዉን ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚያደርስበት መንገድ አለው፤ አዋሽ መውጫ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1954 በኔዘርላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተከፈተ፣ መተሐራ ቀጠለ፣ ወደ ታች በአሚባራ ሰፊ የጥጥ እርሻ ተዘረጋ። አገሩ ሞቃት፣ አፈሩ ከባድ፣ ውሃውም በቦይ እንደልብ የሚመጣ ነበር።

ጥሩ የሚባል የመስኖ ውሃ እንኳ በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ጨው ቢይዝ አይገርምም፤ ለምላስ አይታወቅም። በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ካፈሰስን፣ በዚህ ልክ ሲሰላ 50 ኩንታል ጨው አብረን እናፈስሳለን። ተክሉ ውሃውን ይጠጣል፣ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ ጨዉን የሚወስድ የለም። በዚህ ላይ ትርፉ ውሃ ሰርጎ ከርሰ ምድሩን ከዓመት ዓመት ከፍ ያደርገዋል። ከመሬቱ ገጽ አንድ ሁለት ሜትር ሲቀረው፣ ፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብ አፈሩ ራሱ ውሃውን ሽቅብ ይስበዋል። ውሃው ተንኖ ጨዉ ገጹ ላይ ይቀራል። በአሚባራ ከጥጡ መሐል ነጭ ቅርፊት የታየውና መሬት ተትቶ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። የወረር እርሻ ምርምር ማዕከል ለዓመታት ከታገላቸው ችግሮች አንዱ ይኸው ጨው ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ግሩም ነው። ምልክት የለም። ከሥር የሚወጣውን ውሃ የሚያይ ሰው የለም፤ ሲታይ ደግሞ ዘግይቷል። መፍትሔው ከማሳው ሥር ውሃ ማንጣፈፊያ ቦይ ወይም ቱቦ ቀብሮ ትርፉን አውጥቶ መጣል፣ ከዚያም ሆን ብሎ ተጨማሪ ውሃ ለቅቆ ጨዉን ወደ ታች ማጠብ ነው። ይህን ልብ በሉት፤ ጨዋማ አገር ላይ ከሥር በታች የሚወርደው ውሃ የተወሰነው ሥራ ላይ ነው ያለው። አንዲት ጠብታ ከሥር በታች አላሳልፍም የሚል ገበሬ ጨዉን ሥሩ ሥር ያከማቻል። አንድ ቦታ «ብክነት» ያልነው ሌላ ቦታ መድኃኒት ነው።

ከመተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ አስፋልቱንና የባቡር ሐዲዱን እስከ መዳፈር ደርሷል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለማሳም አይሆንም። ከአካባቢው እርሻዎች የሚሰርገው የመስኖ ውሃና ከከርሰ ምድር የሚመጣው ፍል ውሃ ያላቸውን ድርሻ ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል። ሐይቁ ያበጠበትን አገር ያየ ሰው ግን «ትርፍ ውሃ» የሚለውን ቃል እንደ ቀድሞው ቀለል አድርጎ አይጠራውም።

የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረ ሐይቅ፣ ዙሪያው በጫትና በአትክልት ማሳ ተከብቦ፣ በየአቅጣጫው ሞተር ሲስበው፣ ከዳገቱ የሚመጣ ደለል ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከሩቅ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ከዓመታት በኋላ ውሃ ተመልሶበታል። እዚያ የጠፋው በቦይ ስንጥቅ አልነበረም፤ ብዙው በቅጠል በኩል፣ ምርት ሆኖ፣ ተሽጦ ሄደ። እያንዳንዱ ገበሬ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ድምሩ ሐይቁን ጨረሰው።

የሚታመን ተራ

ወደ አዛውንቱ ልመልሳችሁ። ያን ሌሊት አንድ ተጨማሪ ነገር ጠይቄያቸው ነበር፤ ራስጌው ጠግቦ ሳለ ቦዩን ቢዘጉትስ?

«ብዘጋውማ ወይ ታችኛው ይወስደዋል፣ ወይ ወንዝ ይገባል። ለእኔ አይመለስ፤» አሉ። ትንሽ ዝም አሉና፣ «የዛሬ ስምንት ቀን በእርግጥ ይመጣል የሚለኝ ካለ እዘጋዋለሁ፤» አሉ።

ከዚህ የበለጠ ስለ መስኖ ብክነት የተማርኩት ነገር የለም። ገበሬ ከልክ በላይ የሚያጠጣው የነገውን ውሃ ስለማያምን ነው። አፈሩን ጎተራ ያደርገዋል፤ አፈር ደግሞ ከጎተራ ይለያል፣ ከመጠኑ በላይ አይይዝም። ብዙ ቦታ ክፍያው በመሬት ስፋት እንጂ በውሃ ልክ አይደለም፤ ስለዚህ መዝጋት ምንም አያተርፍም። በብዙ ቀበሌ እንዲህ ያለውን እምነት ጠብቆ የኖረው የውሃ አባት ነው፤ ገበሬው ራሱ የሚመርጠው፣ ተራ የሚያወጣ፣ ክረምቱ ሲወጣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ለጠረጋ ያልወጣውን የሚቀጣ። አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷል። ጥሩ አዋጅ ነው። ማኅበሩ ግን ጉልበት የሚያገኘው በማኅተሙ ሳይሆን፣ ራስጌ ያለው ጉልበተኛ በግርጌው መበለት ተራ ቦይ ሲሰብር ማስቆም ሲችል ነው።

ሌላው የጎደለው ነገር አፈሩ ውስጥ ያለውን ማወቅ ነው። አውስትራሊያዊው የአፈር ተመራማሪ ሪቻርድ ስተርዛከር የሠራው አንድ ቀላል መሣሪያ አለ። እንደ ማጥለያ ያለ ነገር ሥሩ ካለበት ጥልቀት ይቀበራል፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ከላይ ያለችው ምልክት ብድግ ትላለች። ያኔ ገበሬው ይዘጋል። ቆጋ ላይም ተሞክሮ፣ ገበሬዎች ምርት ሳይቀንስባቸው የሚያጠጡትን ውሃ በደንብ መቀነስ ችለዋል። መሣሪያው በሌለበት እጅ አለ። ሥሩ ካለበት ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር ቆፍሮ መጨበጥ ነው፤ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ጣት ካቆሸሸ አይጠጣ፣ ኳስ ሆኖ በትንሽ ግፊት ከፈረሰ ደህና ነው፣ ጭራሽ ኳስ አልሆን ካለ ዘግይተዋል። አዛውንቱ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የጎደላቸው እርግጠኛው ስምንተኛ ቀን ነው።

በመጋቢት ተመልሼ ስሄድ በቦረቦሩ በኩል ወረድኩ። ከሣሩ ዝቅ ብሎ አንዲት እናት ቤት አላቸው፤ በቦዩ ላይ መሬት የላቸውም፣ ስለዚህ የማኅበሩ አባል አይደሉም፤ በቤታቸው ጓሮ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን አለ። ከእሱ እየቀዱ ጎመንና ቃሪያ ያለማሉ፣ ጎረቤትም ይቀዳል። ቦዩ በሲሚንቶ ሊለበጥ ነው የሚል ወሬ ሰምተዋል።

«እማማ፣ ቢለበጥ ይሻላል አይሉም?» አልኳቸው።

«ለላዮቹ ይሻላል።» ገመዳቸውን አነሡ። በየክንዱ ቋጠሮ አለው። «የካቲት ላይ ቦዩ ተሰብሮ ሁለት ሳምንት ደርቆ ከረመ። ያኔ ስንት እንደነበር ታውቃለህ? አሥራ አንድ።» ባልዲውን ለቀቁትና ቋጠሮዎቹ በመዳፋቸው ሲያልፉ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ስምንተኛው ላይ ባልዲው ውሃ ነካ።